አጋፋሪው የዘለለው ስም

በከተማችን ማዘጋጃ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አጋፋሪ ነበርኩ። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። ምክር ቤቱ ለክብር ጉባኤ ሲወጣ ባለ ብር እጀታውን በትር ይዤ ከፊት እቀድማለሁ፤ ከንቲባውና አባላቱ ካባቸውን ደርበው በማዕረጋቸው ይከተሉኛል። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ስደርስ በበትሩ ወለሉን ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ ሕዝቡም ይነሳል። የቀረው ሥራ የድምፅ ነው። የሚሾመውን፣ የሚሸለመውን፣ የሚሰናበተውን በስሙ እጠራለሁ። ማይክራፎን አልነካም ነበር። ባልደረቦቼ «ደወሉ» ሲሉኝ ቅጽል ስሙን ጠልቼው አላውቅም።

ከተማዋ አሮጌ ናት። ቅጥሯን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ወጓንም እንደ ቅጥሯ ትጠብቀዋለች። በዓመት አንድ ቀን ለከተማዋ የደከሙ ሰዎች ይመረጣሉ፤ ከንቲባው ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ ያጠልቅላቸዋል፤ ስማቸውም በክብር መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ያን ቅጥር አርባ ዓመት ሙሉ ሲጠግን የኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ግንበኛ ነው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱ ድንጋይ እየጠረበ እኔ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አዲስ ድንጋይ ከአሮጌው መሀል ሲያስገባ የትኛው የትኛው እንደሆነ ዓይን አይለየውም። «የግንበኛ ሙያው ሥራው ሳይታይ ሲቀር ነው» ይላል።

የተኳረፍነው እናታችን የሞተች ዕለት ነው። ሦስት ወር አልጋ ላይ ስትውል ያስታመሟት እሱና ባለቤቱ ናቸው። ያን ቀን ጠዋት «እየደከመች ነውና ቶሎ ድረስ» ብሎ ላከብኝ። እኔ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ ከንቲባ አቀባበል ነበረብኝ። በትሩን ለሌላ ሰው መስጠት እችል ነበር፤ ማንም አልከለከለኝም። «ከሰዓት እደርሳለሁ» አልኩ። ስደርስ ፊቷን ሸፍነውታል። ወንድሜ ለቅሶ በመጣው ሰው መሀል ቆሞ አየኝና፣

«አንተ የሰው ስም ስትጠራ ዋልክ፤ እሷ ደግሞ ያንተን ስትጠራ ዋለች» አለኝ።

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሰው ሁሉ ግን ሰማ። እውነት ስለሆነ ይመስለኛል ይቅር ልለው ያቃተኝ። ውሸት ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ እረሳው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሆነን ኖርን።

በአምስተኛው ዓመት የክብር ቀን ሲቃረብ የፕሮቶኮል ክፍል ጸሐፊዋ የተሸላሚዎቹን ስም አምጥታ ሰጠችኝ። ይህች ሴት አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ የሠራች፣ ነጠላ ሰረዝ ብትስት እንቅልፍ የሚነሳት ሰው ናት። እያንዳንዱን ስም በየራሱ ካርድ ላይ ከነማዕረጉና ከነሥራው ትጽፍና በላስቲክ ታስርልኛለች። አሥራ አራት ካርድ ነበር። ዘጠነኛው ላይ የወንድሜን ስም አነበብኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። ከደስታው ሥር ግን ሌላ ነገር ተንቀሳቀሰ። በሰው ፊት ያዋረደኝ ሰው አሁን በሰው ፊት ሊከብር ነው፤ የሚያከብረውም የእኔ ድምፅ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ለእኔ ማጭዱን በወፍራም ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። አስቀድሜ አስቤበታለሁ ብል ውሸት ነው። አላሰብኩበትም ብልም ውሸት ነው።

ዕለቱ ደረሰ። ወንድሜ ከሌሎቹ ተሸላሚዎች ጋር ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራባቱ አጥሮበታል። ኖራ የሰነጣጠቃቸውን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆት ጉልበቱ ላይ አኑሯቸዋል። ከጎኑ ባለቤቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ኋላ ደግሞ የሰፈራቸው ሰዎች ሁለት ረድፍ ሞልተው መጥተዋል።

ጠራሁ። አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ስምንተኛዋ ግማሽ ከተማውን ያዋለደች ነርስ ነበረች፤ ለእሷ የተጨበጨበው ረዘም አለ። ወንድሜ ተራውን ያውቃል፤ አንድ ቀን ቀደም ብለው ቅደም ተከተሉን ነግረዋቸዋል። ነርሷ ወደ ቦታዋ ስትመለስ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀመረ።

ትንፋሽ ሳብኩ። ዘጠነኛውን ካርድ በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ ከሥር አስገባሁትና አሥረኛውን ጠራሁ።

አሥረኛው ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነበር። ግራ ቀኙን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ከዚያ ተጠርቷልና ተነሳ። ወንድሜ አልቆመም፣ አልተቀመጠም፤ በመካከሉ ቀረ። እትዬ የኮቱን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው። ተቀመጠ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ጫማውን አየ።

ያች ሰዓት ትጣፍጠኛለች ብዬ ነበር። አልጣፈጠችኝም። አፌ ውስጥ አመድ የነሰነሱብኝ መሰለኝ። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ግን ድምፄ አለመንቀጥቀጡ ነው። እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ እንደ ወትሮው አስተጋባሁ።

ጉባኤው ሲበተን ትሪው ላይ አንድ ሜዳሊያ ተርፎ ተገኘ። ከንቲባው ካባውን ሳያወልቅ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ተፈጠረ? ግንበኛው የት ገባ?»

«ካርዱ አልደረሰኝም» አልኩ።

«አልደረሰህም ማለት?»

«ከእስሩ ውስጥ አልነበረም።»

ካርዱ በዚያን ሰዓት በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ከንቲባው ራሱን ነቀነቀና «ይህች ሴትዮ!» አለ። እኔ ምንም አላልኩም። አንዳንድ ጊዜ ዝም ማለት ከመናገር የበለጠ ውሸት ነው።

በማግስቱ ሜዳሊያውን በሳጥኑ፣ የይቅርታ ደብዳቤውን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። «ወንድምህ አይደል? አንተው ብታደርስለት ይሻላል» አለ። መኳረፋችንን አያውቅም።

በራቸውን ሳንኳኳ የከፈተልኝ ወንድሜ ነው። ትንሽ አየኝና «ግባ» አለ። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ይህች ናት። ግራጫው ኮት ወንበር መደገፊያ ላይ ተሰቅሏል። ሳጥኑንና ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። አልከፈተውም።

«ካርዱ ጠፋ አሉ» አለ።

«አዎ ወንድም ጋሼ። ጠፋ።»

«ይጠፋል» አለ።

እትዬ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። «ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ነበር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የምትናገር ትመስላለች። «ስንወጣ የሚለው ነገር ጠፍቶት እስከ ቤት ድረስ ስለ ዝናብ አወራን። ዝናብ እኮ አልነበረም።»

የቀረበልኝን ውሃ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጸሐፊዋን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ስኒዋን፣ ሹራቧንና አንዲት የአበባ ማሰሮ በካርቶን ይዛ ትወርዳለች። ወደ ምድር ቤቱ፣ አሮጌ ፎርሞች ወደሚከማቹበት ክፍል አዛውረዋታል። እኔን ስታይ ካርቶኑን ደረጃው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ወንድምዎን በሰው ፊት አዋረድኩብዎ።»

«ሦስት ጊዜ ቆጥሬያቸው ነበር። አሥራ አራት ብዬ ነው ያሰርኩት። አሁን ግን የራሴን ዓይን ማመን አቃተኝ። ትናንት ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ በሩን አየሁት። የፊታችን ረቡዕ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ።»

«አይዞሽ» አልኳት።

አይዞሽ! ያቺው ናት የወጣችኝ። ካርቶኑን አንስታ ወረደች፤ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። መስታወት ፊት ጢሜን ስላጭ የራሴን ዓይን መሸሽ ጀመርኩ። በወንድሜ ላይ ያደረግኩትን በቂም ላሳብብ እችላለሁ፤ ቂሜን እንደ ዱላ ተደግፌ መቆም እችላለሁ። ለእሷ ግን ምን ምክንያት አለኝ? እሷ ምን አደረገችኝ? የሰው አእምሮ እየሰረቅኩ አይዞሽ እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከንቲባው ቢሮ ገብቼ ካርዱን ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንዴ ካርዱን፣ አንዴ እኔን አየ።

«የት ተገኘ?»

«አልጠፋም ነበር። ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት።»

ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ሴትዮዋን ቀስ ብዬ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ። አንተም ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ። ማዘጋጃ ቤቱን አታሰድበው።»

እውነቱን ልናገር፤ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። አመስግኜ ተነሳሁ። የበሩን እጀታ ይዤ ሳለ ምድር ቤት የተቀመጠችው ሴት ትዝ አለችኝ። ወደ ቦታዋ ብትመለስም በራሷ ላይ ያደረባት ጥርጣሬ አብሯት ሊመለስ ነው።

«ክቡር ከንቲባ፣ ዓይኗን ልትታከም እኮ ነው» አልኩት።

አልገባውም። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሐሙስ በምክር ቤቱ ፊት እንድናገር ካልተፈቀደልኝ በጽሑፍ ለእያንዳንዱ አባል አደርሳለሁ አልኩ። ያኔ ገባው። በጣም ተቆጣ፣ ግን ፈቀደ።

ሐሙስ ያለ በትር፣ ያለ ካባ በተራ ኮት ገባሁ። ጸሐፊዋ እንድትመጣ ለምኜ ነበርና በሩ አጠገብ ቆማለች። መናገር ስጀምር ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባል «ጮክ በል፣ አይሰማም» አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ያደረግኩትን በሙሉ ተናገርኩ፤ ካርዱን እንዴት ከሥር እንዳስገባሁት፣ ኪሴ ውስጥ ይዤው እንዴት እንደዋሸሁ፣ ሴትዮዋ አንድም ስህተት እንዳልሠራች። ስጨርስ ቀና ብዬ አንድ ሰው ማየት አቃተኝ።

በትሩን በዚያው ሳምንት አስረከብኩ። ቀድሜ ጡረታ እንድወጣ ወሰኑ፤ ቅር አላለኝም። ጸሐፊዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዕቃዬን ልወስድ የሄድኩ ቀን ኮሪደር ላይ ተገናኘን።

«ሐኪሙ ዓይንሽ ደህና ነው አለኝ» አለች።

«ይቅር በይኝ።»

«እሺ፣ አቶ አጋፋሪ» ብላ አለፈች። ጋሼ ማለቱን ትታዋለች።

ወንድሜ ጋ የሄድኩት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበርና። ከቅጥሩ ሥር አገኘሁት። ተጎንብሶ አንድ ድንጋይ በመዶሻ ጀርባ እየነካ ድምፁን ያዳምጣል። ወሬው ሳይደርሰው አይቀርም ብዬ ነበር፤ ቢደርሰውም ከአፌ ይስማው ብዬ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«እዚያው። አሥር ዓመት ባንድ አልጋ ተኝተናል። ልታጠፋ ስትል ትንፋሽህን እንዴት እንደምትስብ አላውቅም?»

«ታዲያ ቤት ስመጣ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልህ? እኔም በሰው ፊት ተናግሬሃለሁ። መለሰልኝ ብዬ ተውኩት።» መዶሻውን አኖረና እጁን በሱሪው ጠረገ። «የሴትዮዋን ግን የሰማሁት ትናንት ነው። እሷ ምን በደለችህ ብዬ አደርኩ።»

ይቅር በለኝ አልኩት።

«ስለ ራሴ ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ስለ እሷ እኔን አትጠይቀኝ፤ የእኔ አይደለም።»

ከዚያ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አሳየኝና አንስቼ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ከበደኝ። ሳቀብኝ። «ድሮም ጉልበትህ አፍህ ላይ ነው» አለ።

በዓመቱ ምክር ቤቱ ስሙ እንደገና በክብር እንዲጠራ ወስኖ ጠየቀው። «ሜዳሊያው ደርሶኛል፣ ይበቃል» ብሎ ሳይሄድ ቀረ። ያልሄደው ለእኔ ብሎ ይመስለኛል፤ የእኔ ነገር እንደገና በሰው አፍ እንዳይገባ። አልጠየቅኩትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው እሄዳለሁ። እሱ ያወራኛል፤ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ተገኘው ሁሉ። እትዬ በር ትከፍትልኛለች፣ ወንበር ትስብልኛለች፣ የምጠጣውን ታቀርብልኛለች፤ ከእኔ ጋር ግን አትቀመጥም። ወንድሜ «ጊዜ ስጣት» ይለኛል። እሰጣታለሁ። ሥራ ፈት ነኝ፤ ጊዜ ሞልቶኛል።