የቆዳ ሰፊው ዕጣ

«የትሮዩን ጀግና የአርቴሞንን ጋሻ አምላክ ነው የሰፋው፤ ጦር አይበሳውም» የሚለው ወሬ ከመርከብ መርከብ እየዞረ የግሪኮችን ሰፈር አርበደበደ። ቆዳ ሰፊው ትራሲያስ ብቻ ሳቀ።

«አምላክ ከሰፋውማ ማንገቻው ለምን ተበላ? ሰውዬው ከትሮይ በር ወጥቶ በፎከረ ቁጥር ጋሻውን በትከሻው ሽቅብ ሲገፋ አላያችሁም?»

«አንተ መርፌህን ያዝ!» አለው ዴክሲዮስ፣ የሰፈሩ ዋና ፎካሪ።

አርቴሞንን የሚገጥመው ግን በዕጣ ነበር የሚለየው። ሁሉም በየጠጠሩ ምልክቱን ጫረ። ትራሲያስም የበሬ ቀንድ ጭሮ ለዕጣው በቀረበው ራስ ቁር ውስጥ ጣለ። ሽማግሌው አዋጅ ነጋሪ ራስ ቁሩን ሲነቀንቀው አንድ ጠጠር ዘሎ ወጣ፤ እሱንም ለእያንዳንዱ እያሳየ በተሰለፉት ፊት አለፈ። ትራሲያስ ዘንድ ሲደርስ፣ ቆዳ ሰፊው ቆልመም ያለውን ጭረት ገና ከማየቱ «የእኔ ነው!» ብሎ ጦሩን አነሳ።

ሜዳ ላይ አልተቻኮለም። እያፈገፈገ አርቴሞንን ከወዲያ ወዲህ አሯሯጠው፤ ማንገቻው ተበጥሶ ጋሻው ሲወርድ በአንድ ውርወራ ጣለው።

ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ አዋጅ ነጋሪው ወደ ትራሲያስ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ልጄ፣ ጠጠሩን አሁን በደንብ አየሁት። ቀንድ አይደለም፤ ግማሽ ጨረቃ ነው፣ የዴክሲዮስ ምልክት። ካንተ በፊት አሳይቼው ነበር፤ አይቶ ዝም አለ።»