ውሃው ላይ የታየው መስመር

ላቦራቶሪው ውስጥ ጄል የሚሉትን ለስላሳ ዝርግ መብራቱ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ዘጋች። የአባቷ ዳክዬዎች ናሙና መሃል ላይ ነው። ሁለት መስመር ካሳየ ይተርፋሉ። አንድ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት የእንስሳት ጤና ቡድኑ መጥቶ መንጋውን አንድ ሳያስቀር ያስወግደዋል።

ዳክዬንና ዝይን የሚይዙት ሁለቱ ቫይረሶች እንደ እህትማማች ናቸው፤ በድሮው የደም ምርመራ ማንም አይለያቸውም ነበር። አሁን ዘረመላቸውን አባዝታ በኢንዛይም ትቆርጠዋለች። የዳክዬው ለሁለት ይቆረጣል፤ እሱ ጫጩት እንጂ ትልቁን አይነካም። የዝይው ግን ሳይቆረጥ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። እሱ ዳክዬም ይገድላል፤ ገብቶበት የተረፈ ግቢ የለም።

ሁለት መስመር።

"እማዬ" አለች፣ ለምን እንደጠራቻት ሳታውቅ። ዳክዬዎቹ የእናቷ ነበሩ። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ ስልክ በደወለ ቁጥር ያንኑ ይደጋግማል፦ ሲመሽ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እሷ ቆማ ትጠራቸው ወደነበረበት የጓሮ በር ያያሉ። እሱም አብሯቸው ያያል። የልጅቱ ድምፅ ቁርጥ የእናቷ ስለሆነ፣ "ሃሎ" ስትለው አንዳንዴ በእናቷ ስም ይጠራታል።

ከዚያ ዓይኗ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ። እዚያ ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ከናሙናዎቹ ጋር ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ የሚሠራው ምርመራው አለመበከሉን ለማየት ነው፤ ምንም መስመር ማሳየት የለበትም። ውሃው ሁለት መስመር አሳይቷል። ደብዛዛ ናቸው፣ ግን ሁለት ናቸው። ከዚህ በፊት የመረመረቻቸው የሞቱ የዳክዬ ጫጩቶች ርዝራዥ ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከጓንት ይሁን ከአየር ማን ያውቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የአባቷ መስመሮችም የእነዚያ የሞቱት ሊሆኑ ይችላሉ።

ኃላፊዋ ከኋላዋ መጥተው ስክሪኑ ላይ የወጣውን የመስመሮቹን ፎቶ አዩ። ጓንት ያላደረገ ሰው ሲያሳድዱ ስለሚውሉ ሠራተኛው "አቶ ጓንት" ይላቸዋል። ናሙናው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። እንደገና ለመሥራት አዲስ ናሙና ያስፈልጋል፤ ቡድኑ ደግሞ አይጠብቅም፤ ያልተለየ ሁሉ እንደ ዝይው ይቆጠራል።

"የመጨረሻው ረድፍ ጠርዝ ላይ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፎቶው ትንሽ ቢጠብ ማንም አይጠይቅሽም።"

"የዝይው መስመር በእነዚህ ተሸፍኖ ቢሆንስ? በአባቴ ሰፈር ሐይቁ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ዳክዬ አለው እኮ።"

"እኔ አላየሁም እያልኩሽ ነው፣ እህቴ።"

ትተዋት ወጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ደግነታቸውን ጠላችው። ፎቶውን ለማጥበብ እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው፣ እንደገና ዘረጋች። በመጨረሻ ከነውሃው ረድፍ ለቡድኑ ላከችው። ከሥሩ "አልተለየም" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ደወለች። "አባዬ፣ አልተለየም። ነገ ይመጣሉ።"

ከአባቷ ኋላ ዳክዬዎቹ ይሰሙ ነበር።

"ይበታተናሉ እኮ" አለ። "ለማንም አይያዙም። እያሳደዱ ሲለቅሟቸው ቆሜ ማየት አልችልም፣ ልጄ። የሚሰሙት የእናትሽን ድምፅ ብቻ ነው።"

የሥራ ልብሷን አውልቃ ቦርሳዋን ያዘች።

"ነገ ከቤት አትውጣ፣ አባዬ" አለችው። "የጓሮው በር ላይ ቆሜ እኔ እጠራቸዋለሁ።"