አድነው ያላለው

ረሒማ የውይይት ክበቡን ለማቋቋም ለዩኒቨርሲቲው የጻፈችው ምክንያት ጥሩ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ የተኮራረፉ የሀገሯ ልጆች፣ ተማሪውም ሠራተኛውም፣ ሳይሰዳደቡ መነጋገርን ይለማመዱ የሚል። ዩኒቨርሲቲውም ከዜግነት ትምህርቱ ጋር ይሄዳል ብሎ ኦስሎ ውስጥ ቶየን ሰፈር አጠገብ ካለው ሕንፃው አንድ ክፍል ፈቀደላት፤ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። ያልጻፈችው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። እሱን ለማንም ነግራ አታውቅም።

የክበቡ ደንብ አንድ ብቻ ናት። ለሰው መልስ ከመስጠትህ በፊት እሱ ያለውን በራስህ አፍ ትደግማለህ። ባለቤቱ በኖርዌይኛ «ja»፣ አዎ፣ «እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ተራህ አይደርስም። ረሒማ አወያይ ስለሆነች አትናገርም። ተራ ትሰጣለች፣ ማስታወሻ ትይዛለች፤ ይኼ ደግሞ በጣም ተስማምቷት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሰላም አለፉ። ስለ መዋዕለ ሕፃናት ወረፋ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስለሚያከራየው ቤት አወሩ፤ ሁሉም የሚያመውን ቦታ እየዞረ ያልፋል። በሦስተኛው ሐሙስ፣ ኅዳር ላይ ነው፣ ገና ሲቀመጡ ውጭው ጨልሞ መስኮቱ የራሳቸውን ፊት ይመልስላቸው ነበር። ትራም የሚነዳው አድነው እጁን አነሳ።

«ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ» አለ። «ጌቱ ይባላል። ማን እንደገደለው አናውቅም። ታረቁ ስትሉኝ ከማን ጋር እንደምታረቅ አላውቅም። ጨረስኩ።»

ተራው የኢተፋ ነበር። ኢተፋ በዘጠኝ ዓመቱ ኖርዌይ የገባ የነርስነት ተማሪ ነው። ድሮ ከአድነው ጋር በአንድ ቡድን ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የላቸውም። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ መድገም ጀመረ።

«ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ አልክ። ጌቱ ይባላል አልክ። ወንዙ መሀል ሲደርስ የግራ ጫማውን ውሃ ወሰደበት አልክ። ሊፈልገው ጎንበስ ሲል ከማዶ ጠሩት። በስሙ ነው የጠሩት። ቀና ሲል…»

«ቁም!» አድነው ብድግ አለ። «ይሄን አላልኩም።»

«አሁን አልከው እኮ» አለ ኢተፋ፣ ግራ ገብቶት። «በጆሮዬ ነው የሰማሁህ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ስድስቱም ሰዎች ተያዩ። አድነው ስለ ወንዝ ሲናገር የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ረሒማ ማስታወሻዋን ለማየት ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ደብተሩን ከደነችው። የወንዙ ነገር ተጽፏል። በአድነው ስም ሥር፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ።

አድነው ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ እናቱ ጋ ደወለ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሲያገኙት የግራ እግሩ ባዶ ነበር» አለ። «እናቴ ይሄን ሁሉ ዓመት ደብቃኛለች። ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም። አሁን ‹ማን ነገረህ?› እያለች ታለቅሳለች።» ወደ ኢተፋ ዞረ። «እዚያ ካልነበርክ እንዴት አወቅክ?»

«በዚያ ዓመት እዚሁ ኦስሎ አልነበርኩም?»

አድነው ይህን ያውቃል። ማወቁ ግን እጁን አልያዘለትም፤ የኢተፋን አንገትጌ ጨምድዶ ያዘ። መሀል ከተማ ቢሮ የሚያጸዱት እትዬ በቀለች በእርጅና ጉልበታቸው መሀል ገቡ።

«ልቀቀው ልጄ» አሉት። «እሱ አፉን ነው ያዋሰው።»

ረሒማ ቤቷ ገብታ ደብተሩን እንደገና ገለጠችው። ኢተፋ ሳይደርስበት የቀረ አንድ ዓረፍተ ነገር ከታች ነበረ፦ «አንድም ሰው አይለፍ የሚለውን ጽሑፍ አንብበው ነው የጠበቁት።»

ያን ጽሑፍ ታውቀዋለች። በሃያ ዓመቷ፣ እዚሁ ኦስሎ፣ ሞቃት የተማሪ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ የጻፈችው እሷ ናት። «በወንዙ የሚሻገሩት ሰላዮች ናቸው። አንድም ሰው አይለፍ!» ወንዙን አይታው አታውቅም። ኢንተርኔት ላይ ከሰው ገጽ ያነበበችውን ወሬ ነው አጋግላ የለጠፈችው። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ተቀባበለው። በሳምንቱ ደንግጣ አጠፋችው፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የደብተሩን ገጽ ልትቀድደው ያዘችው። አልቀደደችውም። ክበቡ ተዘግቷል የሚል ኢሜይል ለዩኒቨርሲቲው ጻፈች፤ ሳትልከው አጠፋችው። ረቡዕ ዕለት ኢተፋ መልእክት ላከላት። «ነገ እመጣለሁ። የማንንም ግን አልደግምም። ፈራሁ።»

ሐሙስ ሁሉም መጡ። አድነውም መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆመ። ረሒማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ» አለች። የጻፈችውን ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ ቀኑን፣ የተቀባበለውን ሰው ብዛት፣ ስንት ጊዜ እየከፈተች እንዳየችና በቁጥሩ እንደተደሰተች ጭምር። «ይሄን ክበብ ያቋቋምኩት ለእናንተ ብዬ አይደለም፤ ይሄ እንዲቀለኝ ብዬ ነው። ጨረስኩ።»

የሚደግም ጠፋ። በመጨረሻ እትዬ በቀለች ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ረሒማ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ቀብራ፣ እሷ ያላለችው ነገር መቼ ይወጣል እያለች ጠበቀች። አልወጣም። እትዬ በቀለች ያለችውን ብቻ አሉ፤ የመደሰቷንም ነገር አልዘለሉላት።

«Ja» አለች ረሒማ። «እንደዚያ ነው ያልኩት።»

አድነው የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦ ወጣ። በቀጣዩ ሐሙስ አልመጣም። በዚያኛውም አልመጣም። ኢተፋ ትራም ውስጥ አይቶት እንደነበር፣ አድነው በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዳየው፣ ግን እንዳልተነጋገሩ ነገራቸው።

በሦስተኛው ሐሙስ አድነው በረዶ ትከሻው ላይ እንደተቆለለ ገባ። ወንበር ስቦ ከረሒማ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«የኔን የምትደግሚው አንቺ ነሽ» አላት።

«አድነው፣ እኔ…»

«ወንድሜ ጌቱ ይባል ነበር። ጨረስኩ።»

ረሒማ አፏን ከፈተች። «ወንድሜ ጌቱ ይባል ነበር አልክ» አለች፤ ላቆም ብላ ነበር፤ ግን ቃሉ አላቆመም። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው በረዳት። የጭቃ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ጌቱ በጀርባው ያዘለውን ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት፣ ከማዶ የጠራውን ሰው ድምፅ፣ ጌቱ እጁን አንስቶ «የእናንተው ነኝ!» ማለቱን፣ ሁሉንም በራሷ ድምፅ እየተናገረች ሰማችው። ኢተፋ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አድነው ግን ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም።

ስትጨርስ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። አድነው ስልኩን አውጥቶ ደወለና ጥቂት ጠበቀ።

«እማ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ላገናኝሽ» አለ። ከዚያ ስልኩን ለረሒማ ዘረጋላት። «መጀመሪያ የጌቱን ንገሪያት። ቀጥሎ የራስሽን።»

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከወዲያ በኩል የአሮጊት ትንፋሽ ይሰማል።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አለች። «ረሒማ እባላለሁ።»