መርዶው ሳይደርስ

ብዙወርቅ በጭነት መኪኖቹ መሀል የቃሊቲን አስፋልት ስትሻገር ሲያያት፣ ሀይረዲን ተንደርድሮ የሱቁን ቴሌቪዥን ገመድ ነቀለ። መርዶው እስኪነገራት ምንም እንዳታይ ሰፈሩ ሁሉ ተማምሏል።

ከትናንት ወዲያ አንድ ደንበኛው አክራሪዎች ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን የገደሉበትን ቪዲዮ በስልክ ሲያሳየው፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ከተንበረከኩት ልጆች አንዱን ባንገቱ ዘንበል ማለት ለየው። የብዙወርቅ ልጅ ወንድዬ ነበር። እሷ ግን ልጇ ካርቱም ዳቦ ቤት የሚሠራ ይመስላታል። ለፋሲካ ሳይደውል ሲቀር እንኳ የረገመችው የሱዳንን ኔትዎርክ ነው።

መርዶ ደንብ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከፊት እድርተኛ ከኋላ ሆኖ ነው የሚነገረው። ወንድሟ ከአሰላ የሚገባው ዛሬ ማታ ስለሆነ ለነገ ንጋት ተቆረጠ። እስከዚያው አገር ምድሩ የሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጦ፣ ባንዲራው ዝቅ ብሎ፣ ያላወቀችው ወላጂቱ ብቻ ናት።

ሀይረዲንን ያንገበገበው ግን ሌላም አለ። ጠዋት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አጥናፉ መጥተው፣ ዓይናቸውን ከስኳሩ ጆንያ ላይ ሳይነቅሉ፣

"ሀይሩ፣ ነገ አንተ ብትቀርስ?" አሉት።

"ለምን ጋሼ?"

"እኛማ እናውቅሃለን። ግን ገዳዮቹ በምን ስም እንደገደሉ ሰምተሃል። በዚያች ሰዓት እሷ ፊትህን ስታይ… ለአንተው ብለን ነው።"

"ወንድዬ እኮ ከልጆቼ ጋር እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገው!"

"ማን ካደ? ድንኳኑን ግን ማታ ታወጣልናለህ፤ ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው።"

ሃያ ዓመት የእድሩን ድንኳን ተሸክሟል። ለካ ትከሻው እንጂ ፊቱ አይፈለግም!

ብዙወርቅ ደረሰች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋንም አዘቅዝቃለች።

"ማን ነገረሽ?" አለ ደንግጦ።

"ሬዲዮኑ ነዋ! ከትናንት ጀምሮ እንባዬ አልቆመም። ቂርቆስ ሐዘን የተቀመጡ እናቶች አሉ አሉ፤ ልደርሳቸው ነው።"

"ዛሬ ይቅርብሽ። ታክሲ የለም።"

"ኧረ ወደ ሳሪስ ሰው ጭነው ሲሄዱ እያየሁ!" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ሀይሩ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ 'ተመስገን፣ የኔስ ካርቱም ነው' አልኩ። የሰው ልጅ አልቆ እኔ ተመስገን ማለቴ አሳፈረኝ። ለዚያ ነው የምሄደው።"

ሀይረዲን ቂርቆስ ድንኳኑ ውስጥ የሟቾቹ ልጆች ፎቶ ከቪዲዮው ተቆርጦ ተለጥፏል ሲሉ ሰምቷል። የማታውቃቸው ሰዎች መሀል ቆማ ልጇን ከድንኳኑ ሸራ ላይ ልታገኘው ነው። ለአቶ አጥናፉ ደወለ፤ አያነሱም። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም አያነሱም።

እሱ ቢነግራትስ? ሰፈሩ ምን እንደሚል አላጣውም። "በጠራራ ፀሐይ መርዶ ያረዳት እስላሙ ነው" ይባላል፤ ወሬው ልጆቹን ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም። እንዲያውም 'ነገ ቅር' የተባለ ሰው ምን አገባው?

"በል ሳይመሽ ልመለስ" ብላ ፊቷን አዞረች።

"ብዙዬ፣ ቆዪ እስቲ።"

ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ የሱቁን በር ዘጋ።

"አዚዛ!" ሲል ሚስቱን ከጓዳ ተጣራ። "ነይ፣ እህትሽን ደግፊያት።"

"ምነው? ምን ሆነሃል ሀይሩ?" አለች ብዙወርቅ፤ አንዴ እሱን አንዴ አዚዛን እያየች።

በርጩማ ስቦ አስቀመጣትና እግሯ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን ቀና አድርጎ ዓይኗን እያየ፣

"ወንድዬ ከካርቱም ወጥቶ ነበር" አላት።