ከእምቢታ በፊት የምትባል ቃል

ሠራተኞቹ አለቃቸውን በሌለበት «አቶ ቃና» ነው የሚሉት። የአንድ ፍሪጅ ሻጭ ድርጅት የስልክ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ለደንበኛ «አይሆንም» ማለትን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

«መጀመሪያ 'አንፎርቹኔትሊ' በሉ!» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «በእንግሊዝኛ እምቢ የተባለ ሰው የተከበረ ይመስለዋል። ድምፃችሁን ዝቅ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ እምቢታውን ታስከትላላችሁ።»

ኧረ ጉድ! ሰው ማሳዘንም ሥልጠና አገኘ።

ከስልክ ተቀባዮቹ አንዷ የሆነች ልጅ በዚህች ቃል ከሁሉም ትበልጣለች። መለዋወጫ ጠፋ? አንፎርቹኔትሊ። የጥገና ባለሙያው ዛሬ አይመጣም? አንፎርቹኔትሊ። እሳት ጎርሶ የደወለ ሰውዬ እንኳ «እሺ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ይዘጋል።

እናቷ ለዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ልጅቷ ፈቃድ ጠይቃ፣ አቶ ቃና ሳምንቱን ሙሉ «እናየዋለን» ሲላት ከረመ፤ እሷም አምናው «አታስቢ፣ እመጣለሁ» ብላ እናቷን አጽናናቻት። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ትንሽም ዝም አለ። ቃሏ ከአፉ ሳትወጣ ገባት።

«የሚተካሽ የለም» አላት። «ጥለሽ ከሄድሽ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

የእሷም የእናቷም ጉሮሮ ያለው በዚያች ወንበር ላይ ነው። ምን ታድርግ? ተቀመጠች።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሞባይል እንደሆነ ጠዋት በር ላይ ተሰብስቦ ይቆለፍበታል። እናትየው ሆስፒታል ሆና ጨነቃትና በደንበኞቹ መስመር ደወለች፤ ያነሳችውም ልጅቷ ሆነች።

«የኔ ልጅ፣ የት ደረስሽ? ተራዬ ደረሰ እኮ። አስታማሚ ከሌለ አናስገባም እያሉኝ ነው።»

ጠረጴዛዋ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች። አቶ ቃና ከመስታወት ክፍሉ እያዳመጠ ነው ማለት ነው። በዚህ መስመር የግል ወሬ ያወራ ሰው ደግሞ ያንኑ ቀን ይባረራል።

«አንፎርቹኔትሊ…» አለች።

«እ? ምንድን ነው እሱ?»

«እንዳለመታደል ሆኖ… ማለት ነው።»

«ማነው ያልታደለው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ልቧ «እማዬ» ይላል፤ አፏ ግን «ዛሬ ሰው መላክ አንችልም» አለ።

እናትየው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ገባኝ፤ አለቃሽ እየሰማሽ ነው አይደል? አይዞሽ፣ ሥራሽን ሥሪ። እስቲ ያቺን ቃል ድገሚልኝ፤ ሐኪሙ 'ማን አብሮሽ አለ?' ሲለኝ እንዳልሳሳት።»

ልጅቷ ቀስ አድርጋ ደገመችላት። እናቷ እየተኮላተፈች ተከተለቻት፤ መስመሩም ተዘጋ።

አቶ ቃና እየሳቀ ከክፍሉ ወጣ። «ጎበዝ! ስለ ሐኪም ለምትዘባርቅ፣ ምንም ላልገባት ደንበኛ አስረድተሽ፣ አስጠንተሽ ሸኘሻት! ለአዲሶቹ ማስተማሪያ አደርገዋለሁ።»

እዚያው የተቀዳውን በድምፅ ማጉያ ከፈተው። የእናቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ «ማነው ያልታደለው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«ደንበኛ አይደለችም» አለች ልጅቷ። «እናቴ ናት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አቶ ቃና አፉን ከፈተ፤ ድምፁንም ዝቅ ሊያደርግ ሞከረ፤ ቃል ግን አልመጣለትም። ማጉያውን አጠፋና ወደ መስታወት ክፍሉ ተመለሰ። «ሂጂ» አላላትም።

ስልኳ ጮኸ። አነሳችው። ሰውዬው ፍሪጁ ምን እንደሆነበት ገና ሳይናገር፣ «አንፎርቹኔትሊ» አለችው።