የማርያም ዕለት ክምር

ሀብትነሽ ሳትጠይቀኝ ነው ስሜን ያስመዘገበችው። ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። ቀበሌው «ከቡሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነፃ ሊያግዙ ይመጣሉ፤ ደካማ ሰው ካለ አስመዝግቡ» ሲል ቀድማ ሄዳ «ባንቺአየሁ» ብላ አጻፈችኝ።

የሰማሁ ዕለት በአጥሩ ላይ ጮህኩባት።

«ማን ነው ደካማ? እኔ ነኝ ደካማ?»

«እጅሽ በጀሶ ታስሮ አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሏል። ታዲያ ምን ብዬ ላጽፍሽ፣ ጀግና?»

«ዝም ብትይስ!»

«እኔ ዝም ብል ጤፍሽ ዝም አይልም። ረግፎ ያልቃል።»

እውነቷን ነበር፤ ግን እውነትሽን ነው አላልኳትም። በጥቅምት ላሜ ገፍታኝ ድንጋይ ላይ ወድቄ ቀኝ ክንዴ ተሰብሯል። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ያለችኝ አንዲት ልጅ ደምበጫ አግብታ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። አገሩ ጤፉን የሚያጭደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። እኔ በአንድ እጄ ምን ሠርቼ እመልሳለሁ? የማልመልሰውን ደግሞ አልቀበልም። ሦስት ሰዎች «እንምጣልሽ» ቢሉኝ ሦስቱንም መለስኳቸው። ጤፉ ግን ደርሶ፣ ነጥቶ ቆሟል። የዓመት ቀለቤም፣ የከርሞ ዘሬም እሱ ብቻ ነው።

ሁለት ቀን አኩርፌያት ቆይቼ በመጨረሻ «ይምጡ» አልኳት። «ግን በእኔ ደቦ ነው የሚመጡት። አብልቼ አጠጥቼ ነው የማሠራቸው። እርዳታ የሚል ቃል በጆሮዬ እንዳልሰማ።»

ጠላውን እሷ እየጠመቀች፣ እኔ እየተቆጣሁ አደረስነው።

ልጆቹ ሐሙስ በቅጥቅጥ መኪና መጥተው ማንኩሳ መንገድ ላይ ወረዱና ተማሪ ቤታችን አደሩ። ዓርብ ኅዳር ሃያ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ማሳዬ ላይ ነበሩ። አሥራ ስምንት ናቸው። አለቃቸው ምስክር የምትባል ቀጭን የዳንግላ ልጅ ናት፤ ማተቧን በአንገቷ አስራለች። አጠገቧ ኑርሁሴን የሚባል ረጅም ልጅ ቆሟል። አሥራ አንዱ የግቢ ጉባኤ ልጆች፣ ሰባቱ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ መሆናቸውን ምስክር ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ተስማምተው አንድ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ዕረፍት ባገኙ ቁጥር አብረው እየወጡ ለሰው ይሠራሉ።

«አብራችሁ ትበላላችሁ?» አልኳት።

«ጾም አይደል እትዬ? ሥጋ ከሌለ ምን ያጣላናል?»

ይህን ስትል ወደድኳት። ሥራቸውን ሳይ ግን ልቤ ቀጥ አለ። አንዱ ማጭዱን እንደ እስክሪብቶ ይዞታል። አንዷ ጤፉን ከነሥሩ ትነቅላለች።

«ልጄ፣ ጤፍ ነው እንጂ ሽንኩርት አይደለም! እጨጂው!»

ኑርሁሴን ብቻ ጎንበስ ባለበት ቀና አይልም። ለካ ወሎ፣ ወረባቦ፣ የገበሬ ልጅ ነው። እየዞረ ለሌሎቹ እጃቸውን ይዞ አሳያቸው፤ ረፋድ ላይ አጨዳው ለሁሉም ገባቸው።

ጠላውን ሳዞር ዘይነባ የምትባለው «ይቅርታ እትዬ፣ አልጠጣም» አለችኝ። ቀጥሎ ያለውም አልጠጣም፤ ኑርሁሴንም አልጠጣም።

«ምነው? ጠላዬ ምን ሆነ? ሽታው ነው?»

«ሽታውማ ከሩቅ ይጠራል» አለ ኑርሁሴን። «ሃይማኖታችን ይከለክለናል። ውሃ ይበቃናል።»

ማወቅ ነበረብኝ፤ አላሰብኩትም። በደቦዬ ላይ ሰው ውሃ ጠጥቶ ሊውል? ቤት ገብቼ ተልባ ቆልቼ፣ ሀብትነሽ ወቅጣልኝ፣ በእንስራ በጥብጠን አመጣን። ያን ጊዜ ክርስቲያኖቹም ጠላውን ትተው ተልባው ላይ ሰፈሩ። የሀብትነሽ ልፋት ለእኔና ለእሷ ቀረ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሰባቱ ማጭዳቸውን አስቀመጡ።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ጁምዓ ነው እትዬ። ፍኖተ ሰላም በባጃጅ ደርሰን፣ ሰግደን እንመለሳለን።»

«ሥራው መሃል ላይ?»

«ምን እናድርግ፣ ሰዓቱ መሃል ላይ ነው የሚውለው» ብሎ ኑርሁሴን ሳቀና ሄዱ።

እኔ አልሳቅኩም። «በእኔ ደቦ ከመሃል ተነሥቶ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም» አልኳት ምስክርን።

«የእነሱን መስመር እኛ እንይዛለን። ግቢም እንዲህ ነን። እኛ ቅዳሴ ስንሄድ እነሱ ላይብረሪ ቦታ ይይዙልናል፤ እነሱ ሲሄዱ ደግሞ እኛ።» ይህን ብላ ከራሷ መስመር አልፋ የዘይነባን ማጨድ ጀመረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጤፉ ሁሉ ታጭዶ፣ ነዶ ነዶ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ። ኑርሁሴን ሰማዩን አየና «ለምን ዛሬውኑ አንከምረውም? እስኪመሽ እንጨርሰዋለን» አለ።

«ነዶ ፀሐይ ሳይመታው አይከመርም» አልኩት። «ነገ ጽዮን ማርያም ናት፣ ከነገ ወዲያ እሑድ። ሰኞ ይከመራል።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«በኅዳር? አንተ ልጅ፣ እኔ እዚህ አገር ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁ።»

እንግዲህ ስህተቱ የእኔ ነው። በማንም አላላክክም።

በነጋታው ከቅዳሴ ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ጋ ስቆም፣ በአዊ በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ነፋሱ የዝናብ ሽታ ይዟል። ሮጥኩ። ማሳዬ ጋ ስደርስ ሰባቱ ዳር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አንድ ነዶ አልነኩም።

«እትዬ፣ ይፍቀዱልን» አለ ኑርሁሴን። «ምስክር ነግራናለች፤ ዛሬ እናንተ እርሻ አትነኩም። እኛ ግን እንችላለን። አብሽሩ፣ ሳይዘንብ እናደርሰዋለን።»

አፌ እሺ ሊል ነበር። ግን ነዶው የማን ነው? የእኔ። ማሳው የማን ነው? የእኔ። በማርያም ቀን ሌላ ሰው አሠርቼ እህሌን ብሰበስብ፣ እኔ አልሠራሁም ብዬ ማርያምን ላታልል ነው?

«አይሆንም» አልኩ።

«መርየም እኮ በእኛም ዘንድ ትልቅ ናት። ቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራ ሱራ አለ።»

«ስለዚህ አንተም ብታከብራት ይሻልሃል» አልኩት። ምንም አላጠፋም ነበር፤ ፈርቼ ነው እንደዚያ ያልኩት።

ከበላዬ ያለው ባለ ማሳ ደጀኔ ነጠላውን እንዳደገደገ መጣ። «ባንቺአየሁ፣ ዛሬ እዚህ ማጭድም ሰውም እንዳይገባ። አንዱ በዓል ሲሽር በረዶው የሁላችንን ነው የሚመታው። ገና ያላጨድን አለን።»

«ማን ገባ? ዓይን የለህም? ዳር ቆመዋል!»

«ምናልባት ብዬ ነው።»

ነጎድጓዱ ከሩቅ አጉረመረመ። ቆሜ ሳየው የተኛው ጤፍ ሁሉ ጭቃ ውስጥ በቅሎ ታየኝ። ተመልሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ልጆቹ ተከተሉኝ፤ ደጀኔም ተከተለኝ። ቄስ ተስፋው ከሕዝቡ ጋር ገና በር ላይ ነበሩ፤ ምስክርና ጓደኞቿም እዚያው ናቸው።

«አባ» አልኳቸው፣ «ጤፌ መሬት ላይ ነው። ሰማዩን አይተውታል። እነዚህ ልጆች እኛ እንከምርልሽ ይላሉ። በማርያም ቀን ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

ቄስ ተስፋው መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ለራስ ትርፍ ከሆነ ማንም ቢሠራው አይቻልም» አሉ። «ለታመመና ለደካማ ከሆነ ግን በዓል አይሻርም፤ እንዲያውም በዓሉ ይከብራል። እኔ ራሴ በሚካኤል ቀን የሙት ልጆች ቤት ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። እንዲያ ከሆነ እነዚህ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ሁላችንም እንሠራለን። አሁን ጥያቄው አንድ ነው። አንቺ ደካማ ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኩ። ከአፌ ወጣ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የምለው እሱን ነው።

«ምን ደካማ ናት!» አለ ደጀኔ። «በአንድ እጇ ሁላችንንም ትገርፈናለች።»

ሕዝቡ ሳቀ። ሀብትነሽ አልሳቀችም፤ በክርኗ ጎሰመችኝ። «በይ እንጂ» አለች በቀስታ። «አንድ ቃል ነው።»

አንድ ቃል ነው፣ እውነት ነው። እንደ ምጥ ያዘኝ እንጂ አልወጣም አለኝ። ባሌ ሲሞት አላልኩትም። ክንዴ ተሰብሮ ብቻዬን እቤቴ ስገባ አላልኩትም። ምስክር መሬት መሬት ታያለች። ሰባቱ ልጆች ግቢውን ሳይረግጡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ቄስ ተስፋውም አላጣደፉኝም።

«ክንዴ ተሰብሯል» አልኩ። «ልጄ አራስ ናት። ሌላ ሰው የለኝም። ትናንት ይከመር ሲሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጤፉ ከበሰበሰ የምበላው የለም፤ የምዘራውም የለም። ብቻዬን አልችልም። ከዚህ በላይ ምን እንድል ትፈልጋላችሁ?»

«ይበቃል» አሉ ቄስ ተስፋው። መስቀላቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። «ደጀኔ፣ አንተ ወፍራም ትከሻ አለህ፤ ቅደም።»

ደጀኔ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየና «መቼም የቄስ ቃል አይታለፍም» እያለ ቀደመ።

እንዲያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። የበዓል ነጠላ የለበሰው ነጠላውን አጥር ላይ ሰቅሎ ገባ። ልጆቹ ተቀላቅለው ነዶውን ይቀባበላሉ፤ የግቢ ጉባኤው የቱ፣ ጀመዓው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ከማሪዎቹ ግን ሁለት ነበሩ፤ ቄስ ተስፋውና ኑርሁሴን። ክምሩ ላይ ቆመው ይከራከራሉ።

«ወደ ውስጥ ነው ዛላው! ወደ ውስጥ!» ይላሉ ቄሱ።

«ገባኝ አባ፤ ግን ወገቡን ሰፋ ካላደረግነው ውሃው ወደ ሥሩ ይወርዳል።»

«ይሄ የወሎ ክምር ነው።»

«ወሎ አይዘንብም እንዴ?»

«ጎጃም ግን ከምረን ነው የኖርነው!»

«እኔም አባቴ ከምሮ ነው ያስተማረኝ።»

በመጨረሻ ወገቡን የወሎ፣ ጫፉን የጎጃም አደረጉት። ዘይነባና ምስክር ከታች ነዶ እየወረወሩ ሳቃቸውን አልቻሉም። እኔ በግራ እጄ አንድ አንድ ነዶ አቀብል ነበር። አንዱ ልጅ «ይቀመጡ እትዬ» ሲለኝ «አንተ ራስህ ተቀመጥ» አልኩት።

ክምሩ የመጨረሻውን ሣር ከላይ ሲለብስ ጠብታው ጀመረ። ሰዉ ወደየቤቱ ሮጠ፤ ልጆቹ ወደ እኔ ገቡ። ትንሿ ቤቴ ውስጥ አሥራ ስምንት ልጅ፣ ሀብትነሽና ቄስ ተስፋው ተጠጋግተን ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከቆርቆሮው በታች የእኔ ጆሮ ግን ማሳው ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወጣሁ። ማሳው ረግረግ ሆኗል፤ የደጀኔ ያልታጨደ ጤፍ ተኝቷል። ከሰኞ ጀምሮ አብረን እናቃናዋለን ሲሉ ልጆቹ ማታውን ተነጋግረዋል፤ ተልባውን እኔ አቀርባለሁ ብያለሁ። ኑርሁሴን ቀድሞኝ ክምሬ ሥር ቆሟል። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ባለቤቷ ሳትነካው አልነካም ብሎ ነው መሰለኝ።

ግራ እጄን ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኔ አስገባሁት። ከላይ ያለው ሣር ረጥቧል። ትንሽ ወደ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። ከዚያ ወዲያ ደረቅ ነው፤ ሞቃት ደረቅ። ጥቂት ዛላ መዝዤ አወጣሁና መዳፌ ላይ አሸሁት። እህሉ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሆኖ ፈሰሰ።

«እንዴት ነው?» አለ።

መዳፌን ዘረጋሁለት። በጣቱ ነካ አድርጎ ወደ አፉ ወሰደው፤ አኘከውና ራሱን ነቀነቀ።

«ዝናቡ አልነካውም» አለ። «ደርቋል።»

«አልሐምዱሊላሂ አትልም እንዴ?» አልኩት።

«በልቤ ብዬዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔም በአፌ ልበለው» ብዬ ማርያምን አመሰገንኳት፤ እሱንም አመሰገንኩት። እሱን ማመስገኑ ይበልጥ ከብዶኝ ነበር።