በሦስቱም ግቢ የመለሰችው ልጅ

የሥራ ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል። ሃያ ዓመት የነርስነት መምህር ሆኖ ሠርቶ፣ ኋላ ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የትምህርት ጥራት የሚያወዳድር ገምጋሚ ሆነ። ሀብት የለው፣ ሥልጣን የለው፤ ያለው ስም «አያዳላም» የሚለው ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሚዛንም አንድ ነገር ደበቀ።

ለግምገማ የተመረጡት ሦስት ናቸው፦ አንጋፋው የምርምር ዩኒቨርሲቲ፣ የተግባር ሳይንስ የሚባለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀለሙ እንኳ በቅጡ ያልደረቀው አዲሱ። የእህቱ ልጅ ሚጡ የምትማረው አዲሱ ውስጥ ነው፤ የነርስነት አራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ትምህርት ክፍሉ ከሁለቱ ጋር ተወዳድሮ ዝቅ ካለ ይዘጋል። የሚጡ አራት ዓመትም ውሃ በላው ማለት ነው። እናቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች ነው ያስተማረቻት።

«ወንድምዓለም፣ አድላልኝ አልልህም» አለችው በስልክ። «ብቻ ዓይንህን ብዙ አታፍጥባቸው።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄ ማዳላት ካልሆነ ምኑ ነው ማዳላት?» ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገምጋሚው ቅጹን ይዞ ክፍል ይገባል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ በየግቢው ያንኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የሚዛን ጥያቄ «ደሙ የሚፈስ ሰው ቢመጣላችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ነበር።

በምርምር ዩኒቨርሲቲው ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሳች። የጋውኗ ሁለተኛ ቁልፍ የለም። ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች። «ጓንት አጠልቃለሁ። ቁስሉን አጥብቄ እጫናለሁ። እየተጫንኩ ስሙን እጠይቀዋለሁ፤ ሰው ስሙን እየተናገረ በቀላሉ አይሄድም» አለች። የመጨረሻዋ ነገር መጽሐፍ ላይ የለችም። ሚዛን በደስታ ሙሉ ነጥብ ሰጠ።

በተግባር ሳይንሱ ቤተ ሙከራ ውስጥ አፍንጫው የተሸረፈ የመለማመጃ አሻንጉሊት አየና ሳቁ መጣ። በምርምር ዩኒቨርሲቲው ያየው ራሱ ነው! ይህ የታወቀ ነው፤ ግምገማ ሲመጣ ትምህርት ክፍሎች ዕቃ ይዋዋሳሉ። ገምጋሚም ያውቃል፣ ተገምጋሚም እንደሚያውቅ ያውቃል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሳቁን ውጦ ክፍል ገባ። ከመስኮቱ ሥር ያቺው ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ተነሳች፣ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች፣ ያንኑ መልስ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ደገመች። ሚዛን «ሰው ከሰው ይመሳሰላል» ብሎ ራሱን ሊያሞኝ ሞከረ።

ከክፍሉ ሲወጣ ልጅቷ እንደተቀመጠች ነበር። በቀጥታ መኪና ውስጥ ገባ። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገዱም አንድ ብቻ ነው።

«ማንም አልቀደመንም አይደል?» አለው ሾፌሩን ሲደርሱ።

«እኔን? ወፍም አልቀደመችኝ! ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ አመድ መሰለ እኮ።»

ከመኪናው ወርዶ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ክፍል ገባ። የሚጡ ምድብ ለልምምድ ሆስፒታል ስለወጣ እሷ የለችም። ያቺ ልጅ ግን አለች። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር። ደብተሯ ተገልጦ ግማሽ ገጽ ጽፋለች። አጠገቧ ያለው ተማሪ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አስቀምጦታል፣ ባዶ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ሚዛን በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን ቀየረ። «ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

ልጅቷ ቦርሳውን ቀስ ብላ አውርዳ ተነሳች። «ጓንት አጠልቃለሁ። ቁስሉን አጥብቄ እጫናለሁ። እየተጫንኩ ስሙን…» እዚያ ላይ ቆመች። ከክፍሉ ሰው አንድም ዞሮ ያያት የለም።

ሚዛን እየተንደረደረ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባ። ኃላፊው አልደነገጠም፤ የውሰት ዕቃ መረከቢያውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። «የደም ግፊት መለኪያ፣ ስምንት። የመለማመጃ አሻንጉሊት፣ ሁለት። ጎበዝ ተማሪ፣ አንድ።»

«ሰው እኮ ናት!»

«አዎ ጋሼ። እኔ ስሾም ትዞር ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረውም እንደዚያው ነው ያለኝ። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። አሁን ግን እያለቀች ነው፣ ሲያዩዋት ራሱ ሳስታለች። ምትክ ሳያስፈልግ አይቀርም።»

«ለምን አትመረቅም?»

«ከተመረቀች ለእርስዎ ማን ይመልሳል?» ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይጻፉት፤ አልከለክልዎትም። ትልልቆቹ ሰው አላቸው፣ አይነኩም። የምንዘጋው እኛ ነን። የእህትዎ ልጅስ?»

ያውቃል! ሚዛን ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ለተማሪዎቹ ስንቴ «እውነት ተናገር፣ እመሸበት እደር» ብሎ አስተምሯል። አሁን የታየው ግን ውሃ የበላው የእህቱ እጅ ነው። እስክሪብቶውን አነሳና «በሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የጎላ የጥራት ልዩነት አልታየም» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ሲያስበው ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነው።

ሪፖርቱ ተወደደ። ሦስቱ እኩል ከሆኑ የቀሩትም ይታዩ ተባለና፣ በሁለተኛው ወር ሚዛን ቅጹን ይዞ ወደ አራተኛው ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ክፍል ገብቶ ከኋላ ሊቀመጥ ሲል ዓይኑ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄደ።

ቀጭኗ ልጅ የለችም። ቦታዋ ላይ ሚጡ ተቀምጣለች።

«ሚጡ!» አለ፣ ክፍሉ ውስጥ መሆኑን ረስቶ።

ዞራ አየችው። እንግዳን በትሕትና እንደሚያዩት አየችውና ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች። ሚዛን ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ» ይላል፣ ግድግዳውን ተደግፎ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮሃል። እህቱ ናት።

«ወንድምዓለም! የምሥራች!» ደስታዋ ከስልኩ ሊፈስ ደረሰ። «ሚጡን በጉብዝናዋ መርጠው፣ መኪና ልከው ወሰዷት እኮ! ሳምንቷ ነው። ስልኳ ብቻ አይነሳም፤ ጥናት በዝቶባት ይሆናል። ሰዎቹን አንተ ታውቃቸው የለ? መቼ እንደምትመረቅ ጠይቅልኝ፣ ፎቶ አንሺውን ካሁኑ ላነጋግረው።»